ዓርብ በስምንት ሰዓት መስመሩን ልቀቁልን

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ ሚልኪያስ ገሠሠ
በርገን፣ ኖርዌይ

እንደምን ከረምክ? ሐይማኖት ደህና ናት? ልጃችሁ ፌቨንስ አደገች? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ በጥቅምትም አልለቀቀንም፤ ማራገቢያው ሲዞር ይውላል፣ የሚያመጣው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። አባትህ ጋሼ ገሠሠ ከጆሯቸው በቀር ጤነኛ ናቸው። መድኃኔ ዓለም በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ።

የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ሆኜ በፖስታ መጻፌ ሳያስቅህ አይቀርም። ሳቅ፣ ግድ የለም። ኢሜሌን ልክፈት ብዬ ከተቀመጥኩ ገጹ ሳይመጣ ምሳ ይደርሳል። ስልክ ስንደዋወል ደግሞ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው በየቃሉ «ምን አለሽ? ምን አለ?» ስለሚሉ የልቤን አልናገርም። ስለዚህ ከፍርድ ቤት የጸሐፊነት ሥራዬ ስወጣ ይዤው የወጣሁትን አሮጌ ታይፕ አቧራውን አራግፌ ይኸው ተቀመጥኩ።

ነገሬ አንድ ነው። መጥተህ ሰባቱን ኮምፒውተር በአንድ መስመር ስታያይዝልኝ «እትዬ፣ ሁሉም ከአንድ ቧንቧ እንደሚቀዱ ይቁጠሩት» ብለኸኝ ነበር። ቧንቧው ሥር ጀሪካናቸውን ደቅነው የማይነሡ ሰዎች መጡብኝ። ከደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር አልጋ ከመያዙ በፊት እኔ ዘንድ ይገባና የስልኩን ሚሞሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሙዚቃ ሙይልኝ» ይላል። ከሌላ አገር የተመደቡት አስተማሪዎች ተከታታይ ፊልም ያወርዳሉ። የጤና ጣቢያው ልጆች የፈረንጅ ትግል ያወርዳሉ። ዳውንሎዱን ጫን ያደርጉና ውጭ ወጥተው ሻይ ይጠጣሉ፤ ማሽኑ ብቻውን ሲጎትት ይውላል። ሌላው ሰው አንዲት ገጽ ለመክፈት ጸሎት ያደርጋል።

ይህም ባልከፋ። ሐጂራን ታስታውሳታለህ፤ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ቲማቲም ታመጣልን የነበረችው። ልጇ ዓይሻ ሪያድ ሰው ቤት ገብታ ትሠራለች። እመቤቷ ስልኳን ወስዳባታለች። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን ቤተሰቡ አያቶቹ ዘንድ ምሳ ስለሚሄድ፣ ዓይሻ በልጆቹ ታብሌት በስካይፕ ትጠራናለች። በስምንት ሰዓት። ከዚያች ሰዓት ሌላ ሰዓት የላትም። ሐጂራ ከጠዋት ጀምራ ንጹህ ሻሿን አስራ መጥታ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ሲደርስ ምን ይሆናል? ዓይሻ አፏን እንደከፈተች ትደርቃለች። ድምጿ አንዱ ቃል መጥቶ ሦስቱ ይቀራል። ሐጂራ ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ትወለውላለች፤ ከመስተዋቱ ይመስላታል።

አሁን ደግሞ ቤተሰቡ ከረመዳን በፊት ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ እዚያ ይህችን ሰዓት አላገኛትም ብላለች ዓይሻ። ሐጂራ የምትለው ይህን ነው፦ «ሌላ አልፈልግም። ፊቷን አንዴ ሳይቆራረጥ ልየው። ከስታ እንደሆነ በዓይኔ ልወቅ።» ስለዚህ እባክህ፣ ማሽኖቹን ዳውንሎድ አታድርጉ በልልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

አክስትህ ተናኜ


በርገን፣ ኅዳር 16 ቀን 2005

ለተከበሩ እትዬ ተናኜ

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ፣ ሐይማኖትና ፌቨን ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ ከመስከረም ጀምሮ አላቋረጠም። ደብዳቤዎን ሳነብ ያንን የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንኳ ናፈቅኩት።

ስለ መስመሩ የጻፉት ገብቶኛል፣ ሥራዬም ይኸው ነው። ግን መዝጋት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ሰው ሲነገረው ይገባዋል። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ከሦስት መቶ ሰው አንድም የሚጥሰው የለም። እርስዎም «ከባድ ፋይል ማውረድ ክልክል ነው» ብለው ይለጥፉ። አጥፊ ሲያገኙ በትሕትና ይንገሩት። ማሽኖቹ ይሞላሉ ብለው አይስጉ። ሲጠፉ ቀን የገባባቸውን ሁሉ አራግፈው ጠዋት እንደ አዲስ እንዲነሡ አድርጌ ነው የሄድኩት፤ ቫይረስም አይቀመጥባቸውም።

የፌቨንን ቪዲዮ ለአባባ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ። አከፋፈቱን ያሳዩልኝ። ጥራቱ ከፍተኛ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ከጆሯቸው ችግር ወዲህ በስልክ መነጋገሩ ለሁለታችንም ከባድ ሆኗል፤ ቢያንስ የልጅ ልጃቸውን ይዩ። ካዩት ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ሚልኪያስ


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2005

ለውድ ሚልኪያስ

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብህ ይሁንልህ። የፌቨንን ጉንጭ ሳምልኝ።

ማስታወቂያውን ለጠፍኩ። በትልቁ፣ በቀይ። መጀመሪያ ያነበቡት የዕድራችን ጸሐፊ ጋሼ በቀለ ናቸው። ጮክ ብለው አነበቡትና «ደግ አደረግሽ ተናኜ፣ ሰዉ ልክ አጥቷል!» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ፍላሻቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ የመዝሙር ቪዲዮ ማውረድ ጀመሩ። ቆሜ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝና «መዝሙር ነው» አሉኝ።

ሁሉም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው ለሌላው ሰው የተለጠፈ ይመስለዋል። አንተ ንገሪያቸው ትላለህ። ለማን ልንገር? አብዱልፈታህ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከጄኔሬተሩ ገመድ ስቦ የሚሰጠኝ እሱ ነው፤ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ኳስ ሲያወርድ «ተው» ልበለው? ጋሼ በቀለስ? ነገ አንድ ነገር ብሆን ድንኳን የሚያስተክሉልኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ሦስት መቶ ሰው ወረቀት ያከብራል አልከኝ፤ ከሦስት መቶው ጋር ማኅበር አትጠጣ፣ ለቅሶ አትቀመጥ፣ ምን ቸገረህ! እኔ ሰው ፊት «አይቻልም» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣልኝም። ፍርድ ቤት ሳለሁ ዳኛው ነበር የሚሉልኝ፤ እኔ ታይፕ ማድረግ ብቻ።

ስለዚህ አንተው በልልኝ። ከዚያ ሆነህ ገብተህ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዳውንሎድ የሚባለውን ዝጋው። ማን ዘጋው ሲሉኝ «ከኖርዌይ ነው፣ እኔ ምን አውቄ» እላለሁ። ኖርዌይ ድረስ ሄዶ የሚኮራረፍ የለም።

ከሚያወርዱት ሁሉ የሚብሱ አንድ ሰው አሉ። እሳቸውን አልጽፋቸውም። ብቻ መስመሩን ዝጋውና ሁላችንም እንረፍ።

የፌቨንን ቪዲዮ ጋሼ አይተውታል። ደጋግመው አይተውታል።

ባለፈው ዓርብ ዓይሻ ሁለት ጊዜ ጠርታ ሁለቴም ተቋረጠ። ሐጂራ አራት ኪሎ ቲማቲም ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ መስመሩን እንድከፍትላት መሰለኝ። አልቀበልም ብል ታዝን ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ።

ተናኜ


በርገን፣ ጥር 6 ቀን 2005

ለተከበሩ እትዬ ተናኜ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ደብዳቤዎ በገና መዳረሻ ስለደረሰኝ ወዲያው አልሠራሁበትም፤ ይቅርታ።

እንዳሉኝ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከባድ ነገር እንዳይወርድ ዘግቻለሁ። ይህ ፖስታ ሳይደርስዎ ይጀምራል። ሲዘጋ ከኖርዌይ እንደተዘጋ የሚገልጽ መልእክትም እንዲወጣ አድርጌያለሁ፤ ስሜን ግን አልጻፍኩበትም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስገባ የእያንዳንዱን ማሽን ፍጆታ አየሁ። ከኋላ ክፍል ያለው ሰባተኛው ማሽን ሌሎቹ ተደምረው የማይጎትቱትን ይጎትታል። በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። ምን እንደሚያወርድ ከዚህ አይታየኝም፣ ብዛቱን ብቻ ነው የማየው። አልጽፋቸውም ያሉኝ ሰው እሳቸው ናቸው? ሌላው ሁሉ ቢዘጋ እንኳ ይህ ሰው ካላረፈ የሐጂራ ነገር አይቃናም። ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ማፈር ያለበት እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ለአባባ ሰላምታዬን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው ይንገሩልኝ።

ሚልኪያስ


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 5 ቀን 2005

ሚልኪያስ

ሰላምታው ዛሬ ይቆየኝ። ደህና ነን፤ ደህና ሁን።

ዘጋኸው፣ እግዜር ይስጥህ። ግን በየትኛው ሰዓት ነው የዘጋኸው? ጠዋት ስንከፍት ዝግ ነው። ደስ አለኝ። ሰዉ ቢጫን ቢጫን እምቢ አለው፤ «ከኖርዌይ ነው» አልኩ፣ ሁሉም አመነኝ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲል ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል! ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ሹፌሮቹ ምሳቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። አብዱልፈታህ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ጋሼ በቀለ ወንበር እንዲያዝላቸው ሰው ይልካሉ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ተበታትነው ይጎትቱ የነበሩት አሁን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ።

ሐጂራ የምትፈልገው ስምንት ሰዓትን ነው። ገባህ? ዓርብ በስምንት ሰዓት ሰባቱም ማሽን ተይዞ፣ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ዓይሻ ጠራች፣ ጠራች፣ ስሟ ብቅ እያለ ጠፋ። ሐጂራ ከወንበሯ ተነሥታ «አላህ ያለው ይሆናል እትዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም። በኋላ የነገረኝ የሒሳብ አስተማሪው ሚሊዮን ነው፤ ያውም በሳቅ እየተንፈራፈረ። «እትዬ፣ ልጁ በፈረንጅ ሰዓት ነው የዘጋው! ሁለት ሰዓት ያለው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ አሥራ ሁለት ያለው ቀትር ነው።» እኔ የምለው፣ ሚልኪያስ፣ ስንት ዓመትህ ሆነና ነው? እዚህ አይደል የተወለድከው? አባትህ ደወል እየደወሉ ሲያስተምሩህ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነበር ክፍል የምትገባው? ሌሊት በስምንት ሰዓት እኔ ቤት የሚያወርደው ማነው፣ ጅብ ነው?

ባስቸኳይ አስተካክልልኝ። ከጠዋቱ ሁለት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ እስከ ማታ አሥራ ሁለት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ስለ ሰባተኛው ማሽን ጠይቀኸኛል። እሱን ተወው።

ተናኜ


በርገን፣ የካቲት 27 ቀን 2005

እትዬ ተናኜ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሰዓቱ ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክድም። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሰዓት እየሠራሁ እጄ የለመደውን ጻፈ። እርስዎም መጀመሪያ «ጠዋት» እና «ማታ» የሚሉትን ቃላት ቢጨምሩልኝ መልካም ነበር። ለማንኛውም ዛሬ አስተካክያለሁ፣ ሁለቴም አይቼዋለሁ።

«ተወው» ያሉትን ግን ልተወው አልቻልኩም። ሰባተኛው ማሽን አሁንም በየቀኑ ያንኑ ያህል ይጎትታል። ስም ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ይሉኝታዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንዲት እናት ልጇን ለማየት በሳምንት አንዴ ስትለምን፣ አንድ ሰው ለራሱ ደስታ ብሎ መስመሩን ሁሉ ሲበላ እያዩ ዝም ማለት ደግነት አይደለም። እኔ ከማንም ጋር ዕድር የለኝም። ስለዚህ ሰባተኛውን ማሽን ቀንም ሌሊትም፣ ለዘለቄታው ዘግቼዋለሁ። የሚቀየም ካለ በእኔ ይቀየም። ይህን ሰው ሳላውቀው ተናድጄበታለሁ፤ ይንገሩልኝ።

ሥራ በጣም በዝቶብኛል፤ ለዚህ ነው አጭር የሆነው። አባባ እንዴት ናቸው? የፌቨንን ቪዲዮ አሁንም ያዩታል?

ሚልኪያስ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 19 ቀን 2005

ለምወድህ ለሚልኪያስ

ጤናህን ይስጥህ። ተቀምጠህ አንብበው።

ሰዓቱ ተስተካክሏል። ሰዉ ሁለት ቀን አጉረመረመ፣ ሦስተኛው ቀን ተወው። ኔትወርኩ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም፤ ገጹ ጠቅ ሳታደርገው ይመጣል። ሐጂራ ዓርብ መጥታ ተቀመጠች፣ መስመሩ ንጹሕ፣ ቤቱ ጸጥ ያለ። ዓይሻ አልጠራችም። በሚቀጥለውም ዓርብ አልጠራችም። ከሪያድ የተመለሰች አንዲት የሰፈራቸው ልጅ እንደነገረቻት ቤቱ እንግዳ ስላለበት ቤተሰቡ ዓርብ አይወጣም። ይኸውልህ እንግዲህ፤ መስመሩ ሲገኝ ሰዓቱ ጠፋ። ሐጂራ ግን አታቋርጥም፣ በየሳምንቱ ትመጣለች።

አሁን ወደ ሌላው ልግባ። በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ይገባሃል፤ ስልኩን ስናወራ ከጎኔ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸውና።

ሰባተኛው ማሽን ላይ የሚቀመጡት አባትህ ናቸው።

ጋሼ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ይሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ይመጣሉ። የሚያወርዱት የፌቨንን ቪዲዮ ነው። ያንን በቢጫ ቦቲ ዝናብ ውስጥ የምትዘልበትን። በጥራት አስቀመጥኩ አልከኝ፤ እዚህ ሲወርድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እሳቸው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው መቶኛው ሲጨምር ያያሉ። ሲያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዩታል፣ ስክሪኑን በመሐረብ ጠርገው ይሄዳሉ። ማታ ማሽኑ ሲጠፋ አንተ እንዳዘዝከው ያራግፈዋል። በማግሥቱ መጥተው ሲያጡት እንደገና ያወርዱታል።

መጀመሪያ ቀን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ጋሼ፣ ትናንት ያወረዱት እኮ ጠፍቶ ነው» ልል። ቀድመውኝ «ተናኜ፣ ዛሬም ላከልኝ!» አሉኝ። በየቀኑ አዲስ የምትልክላቸው ይመስላቸዋል፣ ሚልኪያስ። ያው ቪዲዮ መሆኑን ያውቁ ይሆን? አላውቅም። ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም። በየቀኑ ልጄ ያስበኛል ብሎ የሚመጣን ሰው ምን ብዬ ልከልክለው? ሐጂራን ባሰብኩ ቁጥር እሳቸውን ላስነሣ እሄዳለሁ፣ በሩ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። እኔን ይህ ነው ሲያናድደኝ የከረመው። ንዴቴን ግማሹን ወደ ሹፌሮቹ፣ ግማሹን ወዳንተ ላክሁት።

አሁን ዘጋኸው። ዘግተህም «ለዘለቄታው» አልክ። ጋሼ ግን ሰዓታቸውን አላጎደሉም። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጫናሉ፣ እምቢ ይላቸዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ማታ ይቆያሉ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ይሉኛል ሲወጡ። በራስህ ደብዳቤ የጻፍከውን ቃል። ሳልነግራቸው።

ተናድጄበታለሁ ብለህ ንገሪልኝ ያልከውን አልነገርኳቸውም።

ተናኜ


በርገን፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005

እትዬ ተናኜ

እንደምን ሰነበቱ?

ደብዳቤዎን መኪና ውስጥ ነው ያነበብኩት። ሥራ አልገባሁም። ሐይማኖት ምን ሆንክ አለችኝ፣ ሰጠኋትና አነበበችው። አፍሬአለሁ።

ወዲያውኑ ከፍቼዋለሁ። ሰባተኛው ማሽን ከእንግዲህ ከማንኛውም ገደብ ነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ማራገፉንም አስቀርቻለሁ፤ የወረደው ሁሉ ይቀመጥላቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ አስቀምጣለሁ። ፌቨን ስትበላ፣ ስትስል፣ ስትተኛ፣ ሁሉንም። አዲስ ካሜራ ገዝቻለሁ፣ ከበፊቱም ይበልጥ ጥራት አለው። አባባ እንደሚያምኑት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

መምጣቱን በተመለከተ ዘንድሮ አይሆንልኝም። የዓመት ዕረፍቴን ለሐይማኖት ወላጆች ጉዳይ ጨርሼዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤቱም ሁለት ሰዎች ለቀው ሥራው በእኔ ላይ ወድቋል። የሚመጣው ዓመት እናያለን። እስከዚያ ቪዲዮው ይካሳቸው። ለሐጂራም ዓይሻ እንድትጠራ እግዚአብሔር ይርዳት።

ልጅዎ ሚልኪያስ


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 10 ቀን 2005

ለውድ ሚልኪያስ

እግዚአብሔር አንተን፣ ሐይማኖትን፣ ፌቨንን በሰላም ያኑራችሁ። ክረምቱ በር ላይ ደርሶ እንኳ ሙቀቱ አልበረደም፤ ይህንንም የምጽፍልህ እጄ ታይፑ ላይ እየተንሸራተተ ነው።

በየቀኑ አስቀምጣለሁ ብለህ በየቀኑ አስቀመጥክ። ቃልህን ጠበቅክ፣ በዚህ አልወቅስህም። ግን አንተ ልጅ አንድ ነገር ስትዘጋም ስትከፍትም መጠን የለህም። ጋሼ ከምሳ በኋላ መምጣታቸው ቀርቶ ጠዋት በሩን ስከፍት ቆመው አገኛቸው ጀመር። የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደርሳል። ሌላው ሁሉ ተዘግቶ ሰባተኛው ብቻ መስመሩን ይዞ ይውላል። ሹፌሮቹን አስቁመን ጋሼን አሠማራን።

በግንቦት መጨረሻ ያቺ ከሪያድ የተመለሰችው ልጅ፣ እዚያ ካሉ ጓደኞቿ በስልክ ደርሷት፣ ለሐጂራ መልእክት አመጣችላት። ቤተሰቡ ዓርብ ግንቦት 30 ይወጣል። በማግሥቱ ይዛወራሉ። ያቺ ዓርብ የመጨረሻዋ ናት።

ሐጂራ ከጠዋት መጣች። ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩን ገርበብ አደረግሁት፤ ጋሼ ግን ቀድመው ገብተው ከኋላ ተቀምጠዋል። የፌቨንን ልደት ነው የላክኸው፤ ረጅሙን። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ግማሽ ደርሶ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ዓይሻ ጠራች። ሐጂራ ከፈተች። ያው እንደ ድሮው፤ ዓይሻ ደረቀች። ድምፅ የለም። ሐጂራ ወደ እኔ ዞረች።

ወደ ኋላ ክፍል ሄድኩ። «ጋሼ፣ ትንሽ ያቁሙት» አልኩ። አልሰሙኝም። ጆሯቸው፣ እንደምታውቀው። ለሳቸው ቀስ ብሎ መናገር አይቻልም። እና ጮህኩ። ሐጂራ እየሰማች፣ በር ላይ ያለው ሰው እየሰማ፣ አባቴ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝን ሰው «ጋሼ፣ ይነሡ! ይበቃል!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ዞረው አዩኝ። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ተናኜ» አሉ። ስክሪኑን በጣታቸው አሳዩኝ። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው። ካቋረጠ ደግሞ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ሁለታችንም እናውቃለን።

ጎንበስ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት።

ጋሼ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሲያልፉ ሐጂራን «እግዜር ያገናኝሽ እናቴ» አሏትና ወጡ።

ከዚያ መስመሩ መጣ። ዓይሻ ቁልጭ ብላ መጣች፤ የጆሮዋ ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ስንት ወር ስንጣላ የከረምንበት ሰዓት ነው። ሐጂራ ምን ትላት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቃል አልተናገረችም። አገጯን በእጇ ይዛ ዝም ብላ አየቻት። ዓይሻ «እማ፣ ተናገሪ እንጂ» አለች። ሐጂራ «ቆይ፣ አታናግሪኝ፣ እያየሁሽ ነው» አለቻት። ከስታለች፣ ሚልኪያስ። ሐጂራም አየችው። ከዚያ እዚያ ቤት በር ተከፈተና ታብሌቱ ጠፋ። ሐጂራ «ወላሂ አየኋት፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ግን ጋሼ ከዚያች ዓርብ ወዲህ አልመጡም። ሰባተኛው ማሽን ባዶውን ነው። ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። «ምን አጠፋሽ? ልክ ነሽ» ይሉኛል። «ፌቨን እኮ ልደቷ ነው፣ ይምጡ እንጂ እንየው» እላቸዋለሁ። «ነገ» ይሉኛል። ትናንት ደግሞ ምን አሉኝ መሰለህ፦ «ንገሪው፣ ልጄ እንዳይደክም። የእኔ ማውረድ ለሌላው ሰው መስመር አላስተረፈም።» በር ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ያያሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

እኔ ለማንም «አይቻልም» ማለት አልችልም ብዬህ ነበር። ቻልኩ። መጀመሪያ ያልኩትም ለሳቸው ሆነ። አንተ ደግሞ የሚመጣው ዓመት እናያለን አልከኝ። የሥራውን ብዛት፣ የዕረፍቱን ማለቅ አንብቤዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስለሱ አትጻፍልኝ።

የሰባተኛው ማሽን ገመድ ተመልሶ ተሰክቷል። ወንበራቸውም እንዳለ ነው። ሰዎች ሲጠይቁኝ አይቀመጥበትም እላለሁ፣ አሁን አፌ ለምዷል። አባትህን ከበር ላይ አንሥተህ እዚህ የምታስቀምጥበት ነገር ከዚያ ሆነህ የምትጫነው ከሆነ ተጫነው። ካልሆነ ግን ና።

ተናኜ